ዋናውና ግልባጩ
ስለ ሥዕል ቅጅና ስለ ተማሪ እጅ በበዓሉ ጉባኤ የተነገረ ቃል



በዜማ ቤት ተማሪው ከመምህሩ የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይመልሳል፤ ከምልክቱ አንዲቱን እንኳ ቢያዛውር ይገሠጻል። በቅኔ ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው። የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ፥ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ መንገዱን ካወቀ በኋላ፥ ኹለት ቤት ጉባኤ ቃና እንኳ ቢኾን የራሱን ይቈጥራል፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ በማኅበር መካከል ቢያቀርብ ያፍራል። እንግዲህ ሥዕል ከኹለቱ ቤቶች ከየትኛው ነው? ሠዓሊ የቀደመውን ሥዕል እያየ ሲሥል «ይህማ ግልባጭ ነው» ብለው የሚያቃልሉ አሉ፤ ተማሪ በሰሌዳና በብራና ቍራጭ የሞከረውንም እንደ ጕድፍ የሚጥሉ ብዙ ናቸው። የአገራችን የሥዕል ታሪክ ግን ይህን ፍርድ አይደግፍም። (ከዚህ በታች የሚጠራው ዓመት ኹሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ምስለ ፍቁር ወልዳ የምንለውን ሥዕል እንመልከት። በሮም ከተማ በታላቂቱ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ የእመቤታችን ሥዕል አለ። በ1569 የኢየሱሳውያን ማኅበር ግልባጩን ለማሠራት ከሮሙ ጳጳስ ፈቃድ አገኘ፤ ግልባጩም በወረቀት እየታተመ ወደ ሩቅ አገር ኹሉ ሔደ፤ በመምህራኑም እጅ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ትምህርታቸው ብዙ ደም ካፋሰሰ በኋላ ዐፄ ፋሲል በ1632 ነግሠው ሃይማኖቱን ወደ ቀድሞው ሲመልሱ መምህራኑ ከአገር ተሰደዱ፤ ሥዕሉ ግን አልተሰደደም። ይህ የሚያስደንቅ ነው፤ አባቶቻችን የሰዎቹን ትምህርት ነቅፈው ያመጡትን ሥዕል ለመውደድ አልተቸገሩም።

ኾኖም እንዴት እንደ ቀዱት ማስተዋል ይገባል። እጇን በእጇ ላይ ማስተላለፏ፥ መሐረብ መያዟ፥ ሕፃኑም መጽሐፍ ይዞ መባረኩ እንደ ሮሙ ነው። የሮሙ ሥዕል ግን ግማሽ አካል ብቻ ሲኾን፥ የጎንደር ሠዓልያን ብዙ ጊዜ እመቤታችንን በሙሉ አካል ተቀምጣ አሳይተዋታል፤ ልብሷን በአበባ አስጊጠው፥ በቀኝና በግራ ቅዱስ ሚካኤልንና ቅዱስ ገብርኤልን ሰይፋቸውን እንደ መዘዙ አቁመውላታል። የእጁ አቀማመጥ ዜማ ነው፤ የልብሱ አበባና የመላእክቱ ሰይፍ ቅኔ ነው።

ከዚህ ይልቅ ልብ የሚነካው የኵርዓተ ርእሱ ነገር ነው። ይህ ሥዕል ጌታችንን የሾኽ አክሊል ደፍቶ፥ ራሱን ዘንበል አድርጎ የሚያሳይ፥ በዐሥራ ስድስተኛው ምዕት ዓመት በአውሮፓ ሠዓሊ እጅ የተሣለ ነው። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ሲወጡ ያስይዙት ነበር፤ በ1744 ኹለተኛው ዐፄ ኢያሱ በስናር ሲሸነፉ በጠላት እጅ ወደቀ፥ በኋላም በቤዛ ተመለሰ። ከብዙ ዘመን በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ወሰዱት፤ ያ አምባ ሕፃኑ ምኒልክ ከሸዋ ተወስደው የኖሩበት፥ በ1865ም ያመለጡበት ነው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ከብሪታንያ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ ሥዕሉን ከንጉሡ መኝታ ራስጌ አንሥቶ ወሰደ፤ ለላከውም ቤት አላስረከበም፥ ለራሱ አስቀረው። በ1917 በለንደን በጨረታ ተሸጠ፤ ኋላም ወደ ፖርቱጋል ተሻገረ።

እንግዲህ ለኢትዮጵያ ምን ቀረላት? ግልባጩ ቀረላት። የጎንደር ዘመን ሠዓልያን ያንን ፊት ደጋግመው ስለ ቀዱት፥ ዋናውን በዐይኑ ያላየ ሠዓሊ ከግልባጩ፥ ሌላውም ከግልባጩ ግልባጭ እየወሰደ፥ የራሱ ማዘንበል፥ የአክሊሉ ሾኽ፥ የፊቱም ኀዘን ሳይጠፋ ቈየ። ባለሟሉ ወራሪ አንዲት ሰሌዳ ወሰደ እንጂ መልኩን ሊወስድ አልቻለም። ስንት ግልባጭ በእሳትና በውሃ ጠፍቶ ይኾን?

በአገራችን በሸዋ ስለ ተወለደ ሠዓሊም አንድ ነገር እናንሣ። ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ በ1932 በአንኮበር ተወለዱ፤ በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ሥዕል ያንጊዜ ፍቅራቸው እንጂ ሥራቸው አልነበረም። በኋላ ግን ያን ትተው በለንደን የሥዕል ትምህርት ገቡ፤ ተመልሰውም በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሥራዎቻቸውን ለሕዝብ አሳዩ። ከዚያ ወዲያ እንደ ገና ወደ አውሮፓ ተሻግረው በለንደን፥ በፓሪስና በቫቲካን የመጻሕፍት ቤቶች ያሉትን የኢትዮጵያ ብራናዎች መረመሩ። የአንኮበር ልጅ የአባቶቹን ሥዕል ለማየት ባሕር መሻገሩ ያሳዝናል፤ ነገር ግን አላፈሩም፥ ዐዋቂ ከኾኑ በኋላም እንደ ተማሪ ከብራናው ፊት ተቀመጡ። በ1961 ያለቀው የአፍሪካ አዳራሽ ባለ 150 ካሬ ሜትር የመስተዋት ሥዕል ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። በ2012 ዐረፉ።

የተማሪ እጅ እንዴት እንደሚሠለጥን ሥዕል ቤት የዋለ ያውቃል። ቀለም ይፈጫል፥ ከግድግዳው የሚለጠፈውን ሸማ ያዘጋጃል፥ በከሰል ይነድፋል፤ መምህሩ መሥመሩን ያቃናለታል። ልብሱን እንዲቀባ ይፈቀድለታል፤ ፊቱ ግን ለመምህሩ ይቈያል። ጻድቃን በሙሉ ፊት ከነኹለት ዐይናቸው፥ ኃጥኣንና አጋንንት በጐን በአንድ ዐይን እንደሚሣሉ የሚማረው በቃል ሳይኾን በመቅዳት ነው። ስለዚህ ጣቱ የተጣመመበት መልአክ፥ ዐይኑ ከልክ በላይ የሰፋ ቅዱስ ጊዮርጊስ በአሮጌ ብራና ቢገኝ አይሣቅበት፤ የመምህሩ መንገድ ተጽፎ የሚገኘው በዚያ ስሕተት ላይ ነው።

በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ዝናም ያፈሰሰበት፥ የዕጣን ጢስ ያጠቈረው የመቅደስ ሸማ ብዙ ነው። ቤቱ ሲታደስ አሮጌው ተገፎ በምትኩ ከገበያ የተገዛ የታተመ ወረቀት ይለጠፋል። የታተመው ሥዕል መንፈሳዊ ክብሩን አላጣም፤ ነገር ግን ከእርሱ ተማሪ አይወጣም፥ መሥመሩን ያቃና መምህርም የለበትም። እንግዲህ ገበዙ ሸማው ከመነሣቱ አስቀድሞ በየቱ ግድግዳ እንደ ነበረ፥ ማን እንደ ሣለው፥ ማን እንዳሣለው፥ ከየትኛው ደብር ሥዕል እንደ ተቀዳ ከሽማግሎች ጠይቆ ያስጽፍ፤ ቍራጩም ቢኾን ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ይግባ። ሥዕል የሚወድ ዲያቆን ቢኖር ከመገፈፉ በፊት አንድ ጊዜ ይቅዳው፤ በግርጌውም የራሱን ስምና የቀዳበትን ሥዕል ይጻፍ።