ገበሬዎችን ሰብስቦ ገለል ስለ ማለት

ለጋይንት፥ ለስማዳና ለእስቴ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ የማዳበሪያ ወይም የምርጥ ዘር ጉዳይ አይደለም። ገበሬዎች ስለ አንድ ችግር ሲሰበሰቡ ስብሰባው የማን እንደ ሆነ፥ ስብሰባውን የጠራው ሠራተኛም መቼ ዝም ብሎ ከኋላ መቀመጥ እንደሚገባው ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ብዙ እርከን የሚፈርሰው፥ ከግጦሽ የተከለለ ተራራም እንደ ገና ከብት የሚገባበት በዚህ ምክንያት ነው። ሠራተኛው ሳለ ሥራው ይሠራል፤ ሠራተኛው ሲዛወር ሥራው ይቀራል።

መሰብሰብንና ተባብሮ መሥራትን ለጋይንት ሰው የሚያስተምረው የለም። ደቦን ተመልከቱ። አዝመራ የደረሰለት ገበሬ ጎረቤቱን ይጠራል፤ ጠላው ይጠመቃል፥ እንጀራውም ይጋገራል። በቀጠሮው ቀን ስም የሚጠራ ሳይኖር ሰው ማጭዱን ይዞ ይመጣል። ማን በየት በኩል እንደሚሰለፍ፥ ዘፈኑን ማን እንደሚያወጣ፥ ነዶውን ማን እንደሚሸከም እዚያው ይታወቃል። ደቦውን የጠራው ሰውስ የት ነው ያለው? ጠላ ሲያቀርብ ነው የሚታየው። በሰልፉ ፊት ቆሞ «ማጭዱን እንዲህ ያዝ» ቢል ሰው ሁሉ ይታዘበዋል፤ በሚመጣውም ዓመት ሲጣራ ሁሉም ሥራ በዝቶበት ይገኛል።

ወንፈልም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ የዋለ ነገ ይዋልለታል። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች መቀናጆ ሲገቡ ጸሐፊ አይፈልጉም። በማኅበርም ሙሴው ይመራል እንጂ ጽዋው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ጽዋውን ዘወትር በራሱ ቤት ላስቀምጥ የሚል ሙሴ የለም።

ይህ ለአንድ ቀን ሥራና ለድግስ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር የመንዝን ጓሳ ያስብ። በሰሜን ሸዋ ያለውን ይህን የሣር መሬት ባላገሩ በራሱ ስሪትና ራሱ በመረጠው አለቃ ለብዙ ዘመን ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚፈለግ ስለ ሆነ መሬቱ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ሲደርስ በጋራ ውሳኔ ተከፍቶ ይታጨዳል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት ሲሽር ስሪቱም የቆመበትን መሠረት አጣ፥ ጥበቃውም ላላ። ኋላ ግን የአገሩ ሰዎች እንደ ገና ተደራጅተው መሬታቸውን መጠበቅ ቀጠሉ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ልማድ ያለው ገበሬ በልማት ስብሰባ ላይ ለምን ዝም ይላል? አንደኛው ምክንያት አቀማመጡ ነው። ጠረጴዛና ወንበር ለሠራተኛው፥ ድንጋይና ሣር ለገበሬው ሲሆን ማን ተናጋሪ፥ ማን ሰሚ እንደ ሆነ ገና ሳይጀመር ተወስኗል። ሁለተኛው ምክንያት መዝገቡ ነው። የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከተጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢያችን ብዙ ገበሬ ስም መመዝገብን ከእህልና ከገንዘብ ጋር አያይዞ ለምዶታል። ርዳታው በክፉ ቀን ብዙ ቤት ደግፏልና እርሱን አልነቅፍም። ነገር ግን መዝገብ ሲወጣ ሰው «ስሜ ገባ ወይ?» ብሎ ያስባል እንጂ የተሰበሰበበትን ጉዳይ አያስብም።

ሦስተኛው ምክንያት እኛ ባለሙያዎች ነን። በአገራችን የእርሻ ትምህርትን ለገበሬ የማስፋፋት ሥራ በ1940ዎቹ በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተጀምሮ በ1950ዎቹ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ሲዛወር የተማረው እንዲናገር፥ ገበሬው እንዲሰማ ሆኖ ነበር። ያ ልማድ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። በኮሌጅ የማስረዳት ትምህርት ሞልቶ ነበር፤ ዝም ማለትን የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ ግን አላየሁም!

አሁን አንድ ጉዳይ ይዘን እንመልከት። በጉና ተራራ ዙሪያ፥ በላይ ጋይንትና በእስቴ ደጋ ድንች የሚተክል ገበሬ ቅጠሉን አጥቁሮ የሚያደርቀውን፥ ፍሬውንም የሚያበሰብሰውን በሽታ ያውቀዋል። ምች መታው ይላል፤ ሌላው ዋግ ይለዋል። ጉምና ዝናብ ሲበዛ እንደሚብስም ከማንም ባለሙያ ይልቅ ያውቃል። የማያየው ነገር አንድ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ጉሙ ራሱ አይደለም፤ በዓይን የማይታይ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ይህ ነገር ከወቅት ወደ ወቅት በታመመ ድንች ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ ለምሳሌ ከማሳ ዳር በተጣለ ብስባሽ፥ ሳይቆፈር ቀርቶ በራሱ በበቀለ ድንች፥ በታመመም ዘር ውስጥ ማለት ነው። ብርዱና እርጥበቱ ሲመቸው በነፋስና በዝናብ ከማሳ ወደ ማሳ ይሻገራል፤ በጥቂት ሳምንታትም ውስጥ ለምለም የነበረውን ማሳ ያጠፋል። አየርላንድ በምትባል አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮ ድንቹን በተከታታይ መትቶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኀብና በረኀብ በመጣ በሽታ አልቋል።

እንግዲህ አንድ ትጉ ገበሬ ብቻውን ማሳውን ቢያጸዳ፥ መድኃኒትም ቢረጭ፥ የጎረቤቱ ብስባሽ ካልተቀበረ ከበሽታው በቀላሉ አያመልጥም። ይህ በሽታ በባሕርዩ የጋራ ስለ ሆነ ስብሰባ ያስፈልገዋል።

የልማት ሠራተኛው ድርሻ እዚህ ላይ ነው። ገበሬው ከእርሻ በሚያርፍበት በአንዱ የበዓል ቀን፥ በዛፍ ጥላ ሥር፥ ክብ ሠርተው ሲቀመጡ እርሱም መሬት ይቀመጥ። የታመመ የድንች ቅጠል ይዞ ይምጣ። በሽታው በምን ውስጥ እንደሚቆይና እንዴት እንደሚሻገር በአጭሩ ይናገር። ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «በዚህ ጎጥ በሽታው ከየትኛው ወገን ጀምሮ ወደ የት ይሄዳል?» ብሎ። «በማን ማሳ ይጀምራል?» አይበል፤ ያ ክስ ይሆናል፥ ጉባኤውም ሽምግልና ይሆናል።

ከጥያቄው በኋላ ዝም ይበል። ከባዱ ሥራ ይህ ነው። አባታችን ሆይ ሁለት ጊዜ የሚደገምበትን ያህል ጊዜ ማንም ላይናገር ይችላል። ሠራተኛው ዝምታው አስጨንቆት መልሱን ራሱ ከተናገረ ስብሰባው አለቀ፤ ገበሬው የሚጠበቅበት ማዳመጥ ብቻ እንደ ሆነ ያውቃልና ተመልሶ አይከፈትም። ቢታገሥ ግን አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ «እኛ ዘንድ ከወንዙ በኩል ነው የሚነሣ» ይላል። ሌላው ይቃወመዋል። በዚያን ጊዜ ሠራተኛው ወደ ኋላ ፈቀቅ ይበል።

በኢንዶኔዥያ የሩዝ ገበሬዎች ዘንድ ይኸው ዘዴ ታላቅ ፍሬ አሳይቷል። የሩዙን ግንድ የምትመጥ አንዲት ትንሽ ነፍሳት አዝመራቸውን ታጠፋ ነበር፤ መድኃኒት በተረጨ ቁጥር ነፍሳቷን የሚበሏት ሸረሪቶች እየሞቱ እርሷ በዛች። መንግሥቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. 57 ዓይነት መድኃኒት በሩዝ ላይ እንዳይረጭ ከለከለ። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮም ገበሬዎች በየሳምንቱ በማሳ ላይ ተሰብስበው ራሳቸው እየመረመሩ እንዲወስኑ ተደረገ። እዚያ አስተማሪው «ይህች ምንድን ናት?» ተብሎ ሲጠየቅ ስሟን አይናገርም፤ «ከየት አገኛችኋት? ምን ስትሠራ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል።

ነገር ግን ገለል ማለት ጥሎ መሄድ አይደለም። ሠራተኛው ፈጥኖ ከሄደ ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ድምፁ የጎላው፥ ጥማድ በሬ ያለው ወይም ማኅተም የያዘው ይቀመጥበታል። በሬ የሌለው ጭሰኛ መስሎ ከዳር ይቀራል። ሴቶችም አሉ፤ በብዙ ቤት የድንቹን ዘር የምታስቀምጠውና የበሰበሰውን ለይታ የምታወጣው ሴቲቱ ስትሆን በጉባኤ ስለ ዘር የሚናገረው ባልዮው ነው። ስለዚህ ሠራተኛው በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ከኋላ ተቀምጦ አንድ ሥራ ብቻ ይያዝ፤ ያልተናገረውን መጠየቅ። «እሜቴ፥ ዘሩን የሚያስቀምጡ እርስዎ ነዎት፤ ብስባሹን የት ይጥሉታል?» ብሎ በአክብሮት ይጠይቅ። ሽማግሌዎቹ ይህን ጥያቄ ራሳቸው መጠየቅ ሲጀምሩ እርሱ ይተወዋል።

ስሪቱንም ሠራተኛው አይጻፍ። ብስባሹ እስከ መቼ እንዲቀበር፥ በራሱ የበቀለውን ድንች ማን ዞሮ እንዲያይ፥ እምቢ ያለ ምን እንዲከፍል ገበሬዎቹ ይወስኑ። ቅጣቱ ጠላ ከሆነ ጠላ ይሁን። ስብሰባውን የሚጠራው ሰው እንደ ጽዋው በየተራ ይለዋወጥ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጊዜ ሠራተኛው ሳይመጣ ይቅር፤ አስቀድሞም አይነግራቸው ዘንድ አይገባም፥ «በሚመጣው እናንተው ዋሉ» ብሎ በግልጽ ይንገራቸው። ተሰብስበው ከዋሉ ስብሰባው የራሳቸው ሆኗል። ካልተሰበሰቡም መልካም ነው፤ ጉዳዩ የማን ጉዳይ እንደ ነበረ ቶሎ ታውቋልና ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመለስ።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ገበሬዎቹ ሠራተኛው የማይስማማበትን ቢወስኑስ? ለምሳሌ በሽታውን ይቋቋማል የተባለውን እንደ ጉደኔ ወይም በለጠ ያለ ዘር ትተው፥ የአገሩን ድንች በጣዕሙ ወደድነው ቢሉ፥ ሠራተኛው ምክንያቱን አንድ ጊዜ በግልጽ ይናገር፤ ሁለተኛ አይጨቅጭቅ፥ በአለቃም አያስፈራራ። ከፈቃደኛ ገበሬ ማሳ ጥግ ላይ ከሁለቱም ዘር ሁለት ሁለት ትልም ጎን ለጎን እንዲተከል ይለምን። አፈሩ አንድ፥ የተተከለበት ቀን አንድ፥ ማስታቀፉም አንድ ይሁን። ክረምቱ ሲጠና ሰዎቹ ራሳቸው እየዞሩ ቅጠሉን ያያሉ፤ በቁፋሮውም ቀን ሴቶቹ ቀቅለው ያቀምሳሉ። ሠራተኛው በዚያ ቀን ቢመጣ ሚዛን ይዞ ይምጣ።