የአሮጌ ቤት ዋጋና የቀዘቀዘ ገበያ

(በፍኖተ ሰላም የሰፈራችን ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)



ስለ ውኃ መውረጃው ቦይ ከመነጋገራችን በፊት አንድ ጉዳይ እንድናነሣ ተጠይቀናል። እንደምታዩት በሰፈራችን «የሚሸጥ ቤት» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው በሮች በርክተዋል። ከእነዚህም ውስጥ ሁለት ክረምት ዝናብ መትቶት ፊደሉ የጠፋ አለ። ባለቤቶቹ ወደ ኮሚቴው እየመጡ «ስንት እንበል? እስከ መቼ እንጠብቅ?» ይሉናል። እኛ ደላላም ገማችም አይደለንም። ነገር ግን የሸጡትንም፣ የገዙትንም፣ ሳይሸጡ የቀሩትንም ጎረቤቶች ጠይቀን ያገኘነውን እንናገራለን።

በመጀመሪያ፣ የቤታችንን ዋጋ መገመት ለምን ያቅተናል? ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ለአንድ ቤተሰብ የቀረችው አንዲት መኖሪያ ቤት ነበረች። ያቺ ቤት ልጅ የተወለደባት፣ የተዳረባት፣ አስከሬን የወጣባት ናት እንጂ እንደ በርበሬ ገበያ የምትወጣ ዕቃ አልነበረችም። ስለዚህ የበቆሎን ኩንታል ዋጋ በየሳምንቱ የምናውቅ ሰዎች የገዛ ቤታችንን ዋጋ አናውቅም። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችን በዚህ በኩል ይሻላሉ። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ከእሱ በላይ ያለው ጎረቤት ባለ አንድ መኝታውን ስንት እንደሸጠ ከሰማ የራሱንም በግምት ያውቀዋል፤ ቤቱ አንድ ዓይነት ነውና። የእኛ ግን አንዱ ለአስፋልት ቅርብ፣ አንዱ ከቦይ ማዶ፤ አንዱ ብሎኬት፣ አንዱ የባሕር ዛፍ እንጨትና ጭቃ፤ አንዱ የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ አንዱ መብራት ከጎረቤት የሚስብ ነው።

ታዲያ ዋጋውን ከየት እናምጣው? አብዛኞቻችን የምናመጣው ከወሬ ነው። «እገሌ ሦስት ሚሊዮን ጠርቷል» ይባላል። መጥራትማ ማን ይከለክላል! ጥያቄው ስንት ተከፈለው የሚለው ነው። በአካባቢያችን ባለፈው አንድ ዓመት በእርግጥ የተሸጡ ሦስት ቤቶች ፈልጉ። ሻጩን ብቻ አትጠይቁ፣ ሻጭ ይጨምራል፤ ገዢውን ብቻም አትጠይቁ፣ ገዢ ይቀንሳል። ሁለቱንም ጠይቁ። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ተከፍሎ እንደሆነ ወይስ በዱቤ እንደሆነም አጣሩ፤ በሁለት ዓመት ተከፍሎ የሚያልቅ ዋጋና ዛሬ እጅ ላይ የሚቆጠር ዋጋ አንድ አይደሉም።

የቡሬን ነገር ለምሳሌ እናንሣ። በ2013 ዓ.ም. የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርኩና የዘይት ፋብሪካው ሲመረቁ «ከእንግዲህ ቡሬ ቤት አይገኝም» ተብሎ ነበር። ወሬው እኛም ዘንድ ደረሰ፣ ዋጋም ይዞ መጣ። ያን ጊዜ በተስፋ የተጠራው ቁጥር ዛሬም ባንዳንዶቻችን አፍ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ መንገድ የተዘጋባቸው፣ ኢንተርኔት የጠፋባቸው ጊዜያት አሳልፈናል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተማችን ላይ በደረሰው የአየር ድብደባ ያጣናቸውንም አንረሳም። በዚያው ነሐሴ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ወሰነ፤ በብድር የሚነግደው ነጋዴ ለቤት የሚያወጣው ገንዘብ አጣ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ሻጭ «ብር እየወደቀ ቤቴን በርካሽ አልሰጥም» ይላል፤ ገዢ ደግሞ ብሩም የለውም። ገበያው ቆሞ የቀረው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

አንዲት እናታችንን እንጥቀስ። ስማቸውን አንጠራም፤ ነገሩን ግን «ተናገሩልኝ፣ ሌላው ይማርበት» ብለውናል። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቤቱን ሸጠው ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ፣ ለዓይናቸውም ሊታከሙ አሰቡ። ሩቅ ያለ የወንድማቸው ልጅ በስልክ «ከሁለት ሚሊዮን ተኩል እንዳትወርጂ» አላቸው። በመጀመሪያው ወር፣ ጥር ላይ፣ አንድ የበርበሬ ነጋዴ አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ሺህ አቀረበ። እምቢ አሉ። ግንቦት ላይ ወደ ሁለት ሚሊዮን ሦስት መቶ ወረዱ፤ መስከረም ላይ ወደ ሁለት ሚሊዮን አንድ መቶ፤ ሲወርዱ ያየ ገዢ ሁሉ «ትንሽ እንጠብቅ፣ ገና ይወርዳሉ» አለ። በሁለተኛው ዓመት በአንድ ሚሊዮን ተኩል ሸጡ። ያቺ አንድ ሚሊዮን ተኩል ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረችው ጋር እኩል አትገዛም። ዓይናቸውም እስከዚያው አልጠበቀም።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው፤ የመጀመሪያው ጥሪ ለድርድር ጥቂት የተተወለት፣ ነገር ግን ወደ እውነተኛው ዋጋ የቀረበ ይሁን። ቤቱ አዲስ በሆነበት ወር የሚመጣው ገዢ ከሁሉ የተሻለው ነው፤ ለብዙ ጊዜ ሲፈልግ የቆየ ነውና። መውረድ ግድ ከሆነም አንድ ጊዜ፣ በደንብ ውረዱ። በየሁለት ወሩ እየሸረፉ መውረድ ገዢን ማስተማር ነው።

ገዢውስ ማነው? በእኛ ከተማ ትልቁ ገዢ ከገጠር የሚመጣው ነው። ከጃቢ ጠህናን፣ ከቋሪት፣ ከደምበጫ በኩል ልጆቹን ከተማ ሊያስተምር ቤት የሚሻ ገበሬ በቆሎውንና በርበሬውን ሸጦ ገንዘብ የሚይዘው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ያ ገንዘብ ወደ ማዳበሪያ ይሄዳል። በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ቤት የሚያወጣ ሰው ገዢ ከሌለ በቤቱ አይፍረድ። ይህ ገበሬ የሚገዛው ሊኖርበት ነው፤ ጣሪያው እንዳያፈስ፣ ማገሩን ምስጥ እንዳይበላው ያያል። ነጋዴው ግን ብዙ ጊዜ የሚገዛው ቦታውን ነው፤ ቤቱን አፍርሶ ብሎኬት ሊያቆም ነው። ስለሆነም በጭቃ ቤት ላይ ሴራሚክ አንጥፎ ዋጋ ላስወጣ ማለት ገንዘብ መጣል ነው። ጣሪያ ድፈኑ፣ ግድግዳውን ምረጉ፣ ኖራ ቀቡ፣ ሽንት ቤቱን አጽዱ፤ ከዚያ በላይ አትድከሙ።

ገዢ በልቡ የሚቀንሰው አንድ ሂሳብ አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጪ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ ያደርጋል። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የምንሸጠው ቤቱን ነው። ገዢው በየዓመቱ የሚከፍለውን ሊዝ አስቦ ነው ዋጋ የሚሰጣችሁ። እናንተም ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ የሰፈራችን የሊዝ መነሻ ዋጋ ስንት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ይህን ሳያውቁ «ገዢው ናቀኝ» ብሎ መቀየም ለምን?

ወረቀቱን ደግሞ በበጋው ጨርሱት። በቀዘቀዘ ገበያ ቀድሞ የሚሸጠው ወረቀቱ ያለቀ ቤት ነው። ካርታው በሟች አባት ስም ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይውጣ፤ ወንድምና እህት ሁሉ ይስማማ። የጋራ ንብረት ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርማሉ፤ አንዱ ብቻ የፈረመበት ሽያጭ ነገ ክስ ይዞ ይመጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። «እኛ ዘመድ ነን፣ በሽማግሌ ፊት ይበቃል» የሚለው ነገር ስንቱን ዘመድ እንዳለያየ እናውቃለን። ቀብድም ስትቀበሉ አስቡበት። በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ፣ የሰጠው ቢተወው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተወው ግን እጥፉን ይመልሳል። ዛሬ ቀብድ በልቶ ነገ የተሻለ ገዢ መጣ ብሎ መዞር ዋጋ ያስከፍላል።

ደላላን በተመለከተ፣ እንጀራው ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን «ከዚህ በላይ የሸጥኩት የኔ» የሚል ስምምነት አትግቡ፤ የሚከፈለው በመቶ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይሁን። በውሉ ላይ ዋጋ አሳንሶ መጻፍንም ተዉት። ነገሩ ቢፈርስ የምትከራከሩት በተጻፈው ነው።

አሁን መሸጥ ያለበት ማነው ለሚለው፣ እኛ እንዲህ እናስባለን። ለሕክምና፣ ለዕዳ ወይም ለክፍፍል የሚሸጥ ሰው የዛሬውን ዋጋ ይቀበል፤ የትናንቱን አይጠብቅ። ሸጦ ሌላ ቤት የሚገዛ ሰው ዋጋ መውረዱ ብዙ አይጎዳው፤ የሚገዛውም ወርዷልና። እሱ የሚጠንቀቀው በሽያጩና በግዢው መካከል ብሩን ይዞ እንዳይከርም ነው። ግድ የሌለበት ሰው ደግሞ ወረቀቱን ከበር ላይ ያንሣና ያከራይ። ኮሚቴው ውስጥ በዚህ ያልተስማሙ አሉ፤ «ተከራይ ያለበትን ቤት ማን ይገዛል» ይላሉ። ክርክሩ ገና አላለቀም።

ከዚህ ወር ጀምሮ በእድራችን ዕቃ ቤት አንድ ደብተር ተቀምጧል። በሰፈራችን ቤት የሸጠ ወይም የገዛ ሰው የተከፈለውን ዋጋ፣ ወሩን፣ የቦታውን ስፋትና ግድግዳው ከምን እንደሆነ ያስመዘግባል፤ ስም አይጻፍም። ማየት የሚፈልግ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይምጣ። እስከ ዛሬ የተመዘገቡት አራት ቤቶች ናቸው።