የመጀመሪያ መጽሐፍን ስለ መመዘን



ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰውን ታሪክ አምጥቶ ሰጠኝ። እኔም ስሕተቱን ሁሉ በቀይ ቀለም አመልክቼ፥ ያማረውን ግን አንድም ሳልጠቅስ መለስሁለት። ልጁ ከዚያ ወዲህ ሌላ ጽሑፍ አላሳየኝም። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራ እንዴት ሊመዘን እንደሚገባ በአንድ ምሳሌ ላስረዳ።

ምሳሌዬ በኒው ዮርክ ተወልዶ በልጅነቱ በትሪኒዳድ የኖረው የታሪክ ምሁር ፒ. ጄሊ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝኛ ያሳተመው የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለድ፥ «የጂኒዎች ጌታ» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1912 በካይሮ ነው። አል ጃሂዝ የተባለ ሰው በዓለማት መካከል ያለውን መጋረጃ ከቀደደ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ጂኒዎች ከሰው ጋራ ይኖራሉ፤ ግብፅም በእነርሱ ረዳትነት እንግሊዞችን አስወጥታለች። አንድ ሌሊት የምስጢር ማኅበር አባላት በእሳት ይገደላሉ፤ ገዳዩም «አል ጃሂዝ ነኝ» ይላል። ነገሩን የምትመረምረው ፋትማ የምትባል የመንግሥት ሠራተኛ ናት።

የመጽሐፉ ብርታት ተአምሩ ሥርዓት ያለው መሆኑ ነው። ጂኒዎችን የሚከታተል መሥሪያ ቤት አለ፤ ስለዚህ አንባቢው የማይሆነውን እንደሚሆን አድርጎ ይቀበላል። የሰሎሞን ማኅተም አጋንንትን እንደ ገዛ ሲተረክ ላደገ የአገራችን ሰውም ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አታላዩ ድኾችን የሚያስከትለው በሐሰት ብቻ አለመሆኑ ነው፤ የደረሰባቸውን በደል በእውነት ይነግራቸዋል።

ድካሙም ግልጽ ነው። አስተዋይ አንባቢ ወንጀለኛውን ከፋትማ ቀድሞ ይጠረጥራል፤ መርማሪዋ ከአንባቢው ስትዘገይ ደግሞ የጉጉቱ ገመድ ይላላል። በመጨረሻውም ረጅም ውጊያ የምርመራውን ስፍራ ይወስዳል። ደራሲው ዓለሙን ለመሥራት የተጋውን ያህል ምስጢሩን ለመሰወር አልተጋም።

ይህም ሆኖ መጽሐፉ የኔቡላ ሽልማትን አግኝቷል። ይህ ግን ድካሙን አይፋቅለትም፤ ድካሙም ብርታቱን አይሽርበትም። እኛም የተማሪውን ደብተር ስንቀበል፥ አስቀድመን ያማረውን ከነስፍራው እናሳየው፤ ቀጥሎ ጉድለቱን ከነምክንያቱ እንንገረው። ውዳሴ ብቻ የሰማ አይሻሻልም፤ ነቀፋ ብቻ የሰማም እንደ እኔ ተማሪ ብዕሩን ያስቀምጣል።