የሰነድ ዕትምና የድረ ገጽ አድራሻ



አንድ መምህር የአንድን ሰነድ የድረ ገጽ አድራሻ በሰሌዳ ላይ ጽፎ ተማሪዎቹ ያነቡት ዘንድ ያዛል። ከወራት በኋላ ፈተናውን የሚያርመው ሌላ መምህር ያንኑ አድራሻ ቢከፍት፣ የሚያገኘው ቃል ተማሪው ካነበበው የተለየ ሊሆን ይችላል። አድራሻው አልተለወጠም፤ ሰነዱ ግን ታርሟል። እንግዲህ ለተማሪው ማን ይመሰክርለታል?

ለዚህ ነገር የግዕዝን ፊደል የሚነካ እውነተኛ ምሳሌ አለ። የሰነድን ክፍሎች በስም እየለዩ ለመጻፍ የሚያገለግለው ኤክስ ኤም ኤል 1.0 የተባለው ሥርዓት በመጀመሪያ የወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ለክፍሎች ስም የፈቀደው በዩኒኮድ 2.0 መዝገብ የነበሩትን ፊደላት ብቻ ነበር፤ የግዕዝ ፊደል ግን የተመዘገበው በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ነውና ከደጅ ቀረ። በሰነዱ ውስጥ አማርኛ መጻፍ አልተከለከለም፤ የክፍሉን ስም «ምዕራፍ» ብሎ በፊደል መሰየም ግን አይቻልም ነበር። ይህ እገዳ በኦገስት 16 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. እስከ ወጣው እስከ 4ኛው ዕትም ጸንቶ ኖረ፤ ኖቬምበር 26 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. የወጣው 5ኛው ዕትም አነሣው። የሥርዓቱ ቁጥር ግን ያው 1.0 ነው! 4ኛውን አንብቦ «አይፈቀድም» ያለው ተማሪ ልክ ነው፤ 5ኛውን ይዞ «ይፈቀዳል» የሚለውም አራሚ ልክ ነው፤ ነጥቡን የሚያጣው ግን ተማሪው ብቻ ነው።

ሥርዓቱን ያወጣው ዓለም አቀፍ የድር ማኅበር ለዚሁ መላ አበጅቶለታል። ለአንዱ ሰነድ ሁለት ዓይነት አድራሻ ይሰጣል፤ አንደኛው ቀን የሌለበት፣ ምን ጊዜም ወደ ቅርቡ ዕትም የሚወስድ ሲሆን፣ ሁለተኛው በጫፉ 20060816 ወይም 20081126 እያለ የወጣበትን ቀን የተሸከመ ነው። አዲስ ዕትም ሲወጣ የቀድሞው በገዛ አድራሻው ይነበባል። ይህም ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣ ማሻሻያ የራሱን ቁጥር ይዞ ይወጣል እንጂ የቀድሞውን አዋጅ ገጽ ፍቆ አይጻፍበትም።

አስቸጋሪው የጽሕፈት ቤት ልማድ ነው። ሰነዱ «አዲሱ» ተብሎ ይሰየማል፤ ቀጥሎ «የመጨረሻው» ይመጣል፤ ከዚያም፣ የሚያስቅ ቢመስልም፣ «የመጨረሻው የታረመ»። ከዚህ የከፋው ግን አዲሱን በአሮጌው አድራሻ ላይ ተክቶ አሮጌውን ማጥፋት ነው። የድር ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰነዱ የተፈጠረበት ቀን የማይለወጥ ስለ ሆነ ለአድራሻ የተመቸ መሆኑን አስረድቷል። የሥርዓተ ትምህርት መመሪያ የሚያወጣ ጽሕፈት ቤትም ቀኑን በአድራሻው ላይ ቢያኖርና የቀድሞውን ዕትም ባያነሣ፣ መምህሩ ቀን ያለበትን አድራሻ በሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ አራሚውም ተማሪው ያነበበውን ገጽ ራሱን ከፍቶ ያያል።