በማይ ማሂዩ ገመገም ሥር ያለችው ትንሽ ጸሎት ቤት



ከናይሮቢ ወደ ናይቫሻ የሚወስደው አሮጌው መንገድ የስምጥ ሸለቆውን ገመገም እየተጠማዘዘ ወርዶ ሜዳውን ሊይዝ ሲቃረብ፣ ከዳር አንዲት እጅግ ትንሽ የካቶሊካውያን ጸሎት ቤት ትታያለች። ስሟ ቅድስት ማርያም ዘመላእክት ነው፤ የመንገደኞች ቤተ ክርስቲያን ተብላም ትጠራለች። ርዝመቷ 15 ጫማ፣ ወርዷ 8 ጫማ ያህል ሲሆን፣ አሥራ ሁለት ሰው ከገባባት ሞላች ማለት ነው። ከተማሪዎቹ ጋራ ሊጎበኛት የሄደ መምህር ክፍሉን በየተራ ማስገባት ይገደዳል።

ማይ ማሂዩ በኪኩዩ ቋንቋ ሙቅ ውሃ ማለት ነው። ግእዝ ወይም ትግርኛ የሚያውቅ መንገደኛ «ማይ» የሚለውን ሲሰማ የዘመድ ቃል ያገኘ ይመስለዋል፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ግን ከአንድ ግንድ የወጡ አይደሉም፤ ድምፁ እንዲያው ገጥሟል።

ጸሎት ቤቷን የሠሩት የኢጣልያ ምርኮኞች ናቸው። ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ጠላት ኢትዮጵያን በያዘበት ዘመን ድንበር ተሻግረው ኬንያ የገቡ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በኢሲዮሎ፣ ኋላም በታቬታ በሰፈር ተከልለው ይኖሩ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ግን ዕጣው ተገለበጠ። በግንቦት ወር የአኦስታው መስፍን በአምባ አላጌ እጁን ሰጠ፤ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር የነበረው የመጨረሻው ጦር ተሸነፈ። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የኢጣልያ ወታደሮች ስደተኞቹ በነበሩበት አገር እነርሱ በተራቸው ከሽቦ አጥር ውስጥ ገቡ። እንግሊዞችም ከምርኮኞቹ ከፊሎቹን ገመገሙን በሚወርደው መንገድ ሥራ ላይ አሰማሯቸው። ጸሎት ቤቷ በዚያው ሥራ መካከል፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ተሠራች።

ስለ አሠራሯ ብዙ ማተት አያስፈልግም፤ በድንጋይ የታነጸች፣ በኢጣልያ ገጠር መንገድ ዳር የሚገኙትን ጸሎት ቤቶች የምትመስል ናት። በእኛ አገር ክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ ተለያይተው ሕዝቡን እንደየማዕርጉ ያስቀምጡታል። በማይ ማሂዩ ግን ያለው አንድ ክፍል ብቻ ስለ ሆነ፣ በካህኑና በምእመኑ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ነው። ያው ስም ያላት ሌላ ትንሽ ጸሎት ቤት በኢጣልያ በአሲሲ አጠገብ አለች፤ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ በገዛ እጁ እንዳደሳት ይነገራል፤ ዛሬ በታላቅ ባዚሊካ ተከብባ ትገኛለች። የኬንያይቱ ግን በላይዋ ያለው ሰማይ ብቻ ነው።

እዚያው ኬንያ በኒዬሪ ሌላ የኢጣልያኖች ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እርሱ ትልቅና ግርማ ያለው ነው። በ1942 በናይሮቢ በምርኮ ሳለ የሞተው የአኦስታው መስፍን፣ ከእርሱም ጋራ ከ600 የሚበልጡ ወታደሮች አፅም በዚያ አርፏል። የጦር አዛዥ መቃብር እንዲህ ይከበራል። በማይ ማሂዩ ድንጋይ የጠረቡትን ሰዎች ግን ስማቸውን ጠርቶ የሚያወሳ እምብዛም የለም፤ ጎብኚም «ምርኮኞች ሠሩት» ብሎ ያልፋል።

ለመምህር የሚከብደው ከዚህ ወዲያ ያለው ነው። ስለ ጸሎት ቤቷ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የአገር ናፍቆት ስላቃጠላቸው እስረኞች የሚያወራ ነው፤ ናፍቆቱም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ወደ አፍሪካ የመጡት መንገድ ሊሠሩ ወይም ሊጸልዩ አልነበረም። ከተማሪዎቹ መካከል አያቱን የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያጣ ልጅ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ዘመን ፊደል የቆጠረው ወጣት በተለይ ሲታደን እንደ ነበር መምህራን ያውቃሉ። ለእርሱ ሥዕሉን ብቻ አሳይቶ ዝም ማለት በደል ነው። የጸሎት ቤቷን ማማር መደበቅም እንደዚሁ ሐሰት ይሆናል። ደግሞም ከግራሲያኒ ጋራ የዘመተው ሁሉ እኩል ወንጀለኛ፣ ድንጋይ የጠረበው ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም፤ አንዳንዱ ሰው ሁለቱንም ሳይሆን አይቀርም። ይህን ጥያቄ መምህሩ ራሱ ከመመለስ ይልቅ ለክፍሉ ትቶ ልጆቹ ሲከራከሩ ማዳመጥ ይሻለዋል።

መንገዱ ዛሬም ያገለግላል። ወደ ኡጋንዳ የሚጓዙ ከባድ የጭነት መኪናዎች ፍሬናቸውን እያስጮኹ በደጇ ያልፋሉ፤ አንዳንዱም ሞተሩን አጥፍቶ ጥቂት ይቆማል።