የተዋሱት ችሎታ መስፈርት ያሟላልን?



ጠረጴዛ ከበው ገጸ ባሕርይ እየሆኑ የሚጫወቱት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ ጨዋታ የገጸ ባሕርያቱ ጉልበትና አእምሮ በነጥብ ይለካል፤ አንዳንድ ክህሎትም የነጥብ መስፈርት አለው። በ2014ቱ እትም ለምሳሌ የትግል ክህሎት ቢያንስ 13 የጉልበት ነጥብ ይጠይቃል። ጉልበቱ 8 የሆነ ገጸ ባሕርይ አስማታዊ ጓንት ሲያጠልቅ ነጥቡ 19 ይሆናል፤ ሲያወልቅ ወደ 8 ይመለሳል። መስፈርቱን ያጣ ደግሞ መልሶ እስኪያሟላ ድረስ በክህሎቱ አይጠቀምም። ክህሎቱ አይሰረዝበትም፤ ይታገድበታል።

የዚህ ጓንት የአገራችን አቻ አብሾ ይመስለኛል። በአብነት ትምህርት ቤት አእምሮን ይስላል ተብሎ የሚጠጣ መድኃኒት ነው። አብሾ እንደ ጓንት አይወልቅም፤ የጠጣው ሰው ዕድሜ ልኩን «አብሾ አለበት» ይባላል፤ አልኮል ከቀመሰ ያብዳል ተብሎም ይፈራል። በአብሾ ቅመምነት ስሙ የሚነሣው አስተናግር ስኮፖላሚን አለው፤ ይህ ንጥረ ነገር ትውስታን ያውካል እንጂ አያጎለብትም። መርዝም ነውና ማንም እንዳይሞክረው አደራ እላለሁ።

አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጎጃም ውስጥ ቅኔ የተማሩ ሰው ነበሩ። መንደሩ ዕውቀታቸውን ሁሉ ለአብሾ ሰጠው። ሠርግ ቤት ጠላ ሲቀዳላቸው የሰው ዓይን ዋንጫቸው ላይ ያርፍ ነበር። ጠጥተው እንደ ሆነ ደፍሬ አልጠየቅኋቸውም። ለቁራሽ ሲወጡ ውሻ የነከሳቸውን ጠባሳ ግን አሳይተውኛል። ያንን ጠባሳ ያየ ሰው፣ ቅኔውን ቅጠል ቆጠረላቸው ሲባል መስማት ይከብደዋል።

የጨዋታው ደንብ የሚጠይቀው ጓንቱ አሁን እጅ ላይ መኖሩን ብቻ ነው። ለጨዋታ ይበቃል፤ ነጥብ ሲወርድ የሚጎዳ ሰው የለምና። ለተማሪ ግን አይበቃም። አብሾው በርግጥ በር ከፍቶ ቢሆን እንኳ፣ ከበሩ ወዲያ ሌሊቱን ተቀምጦ ያጠናው ሰውየው ነው። ያጠናውም ውሰት አይደለም። እኔ ራሴ ያለ መነጽር አንድ ገጽ አላነብም፤ መነጽሬን ሳወልቅ ግን ዶክትሬቴ አይታገድም።

እዚሁ ጌዴኦ፣ በባሌ ሥርዓት፣ ሁለቱ ተለይተው ይታያሉ። አባ ገዳው ስምንት ዓመቱን ሲፈጽም ሥልጣኑን ለተተኪው ያስረክባል። በእነዚያ ዓመታት ነገር ሲሰማና ሲያስታርቅ የተማረውን ግን ማስረከብ ቢፈልግ እንኳ አይችልም።