የመንገዱ መዋጮ በማን ላይ ስንት ይደርሳል?



ባለፈው ክረምት አንዲት እናታችንን ስንሸኝ የአስከሬኑ መኪና መግባት አቅቶት ሣጥኑን በትከሻችን ይዘን ጭቃውን እንደወጣነው ሁላችንም እናስታውሳለን። ከአራት ኪሎና ከቦሌ ወደ መገናኛ የሚያመጡት ጎዳናዎች በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ታድሰዋል፤ የእኛ የውስጥ መንገድ ግን ያው ነው።

«የጣሪያና ግድግዳ እየከፈልን ደግሞ የምን መዋጮ?» የምትሉ አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከአዋጅ ቁጥር 80/1968 ጀምሮ የምናውቀው የቤት ግብር ለከተማው ካዝና እንጂ ለእኛ ሰፈር ተለይቶ የሚቀመጥ አይደለም። በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈሮች ኮብልስቶን ያስነጠፉት ነዋሪው ድርሻውን አዋጥቶ፣ ቀሪውን አስተዳደሩ ሸፍኖ ነው።

ታዲያ ማን ስንት ይክፈል? «በየቤቱ እኩል» ማለት ቀላል ነው። ሆኖም ባለ ሰፊ ግቢውና በቀበሌ ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ የሚኖረው እኩል ቢከፍሉ ፍርድ አይሆንም። ስለዚህ እኛ የምንለው ይህ ነው፦ ባለይዞታው እንደ ቦታው ስፋት ይክፈል፤ የቀበሌ ቤት ተከራይ የአቅሙን ይጣል፤ ጧሪ የሌላቸው ይታለፉ። ገንዘቡ በደረሰኝ ይሰብሰብ፣ ለብቻው በባንክ ይቀመጥ። ከቀብር ገንዘባችን ግን አንዲት ሳንቲም አትነካ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በሉ እንግዲህ፣ ሌላ ክረምት ሳይደርስብን ዛሬውኑ እንወስን።